በማንኪያ ታጠፊ

የአባዬ እግር ወለም ያለው ፎቶ ሊነሳ ሲል ነው። ይሄን ከወዲሁ የምናገረው፣ እሱን ከጠየቃችሁት «መኪና ስገፋ ነው» ስለሚላችሁ ነው። ማንም መኪና አልገፋም።

ገደል አፋፍ ላይ ቆመን ነበር። ከሥራችን ባሕሩ አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ደግሞ ምን መሆን እንደፈለገ ያልወሰነ ቀለም ይሆናል። አባዬ ጉልበት በማይደርስ የድንጋይ አጥር ላይ አንድ እግሩን ሰቅሎ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ አገር ያቀና ሰው መስሎ ተገተረ።

«ባሕሩ ይግባ!» አለኝ።

«ባሕሩ ገብቷል፤ ቦርጭህ ነው ያልገባው» አልኩት።

ቦርጩን ሊያስገባ ትንፋሹን ሲስብ ሚዛኑን ሳተ። በወዲህ በኩል መውደቁ ተመስገን ነው፤ በወዲያ በኩል ቢሆን ኖሮ ይሄን የምጽፈው ጥቁር ለብሼ ነበር። ስናነሳው ቁርጭምጭሚቱ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። የቀኝ እግሩ! ነዳጅ የሚሰጠውም ፍሬን የሚይዘውም እሱ እኮ ነው።

ጉዱ እንዲገባችሁ ቤተሰቡን ላስተዋውቃችሁ።

አባዬ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ከከተማችን ሹፌሮች ግማሾቹ በእሱ እጅ ያለፉ ናቸው። የማስተማሪያ መኪናው በእሱ በኩል ሁለተኛ ፍሬን አላት፤ ተማሪው ሲያብድበት የሚረግጣት። ይሄን ሁሉ ዓመት እሷን ሲረግጥ ኖሮ አሁን የትም ይቀመጥ የት እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። ሶፋ ላይ ሆኖ ፊልም ሲያይ መኪና ከፈጠነ ወለሉን ይደቃዋል። ከሥራችን ያሉት ጎረቤት «ማታ ማታ ምንድን ነው የምትወቅጡት?» ብለው ጠይቀውናል።

እማዬ ላውንደሪ አላት። እኔና ትምህርት ቤት በሰላም ከተሰነባበትን ወዲህ ካውያው የኔ ነው። ሰፈራችን የተከፈተው አዲስ ሆቴል አንሶላና ፎጣውን በሙሉ ለእማዬ ሊሰጣት ፈቅዷል፤ ግን በራሷ መኪና እየመጣች የምትወስድ ከሆነ ነው። መንጃ ፈቃድ አላት። የምትገዛትንም መኪና አይታለች፤ ነጭ፣ ከኋላ ጭነት የምትይዝ፣ ትንሽዬ። የሌላት የአባዬ እሺታ ብቻ ነው።

«እኔ እያለሁ አንቺ ምን ቆርጦሽ! እነዳልሻለሁ» ይላታል።

ማታ ከተማሪዎቹ ሲመለስ ግን ነርቩ አልቆ፣ እንኳን አንሶላ ሊያመላልስ ራሱን አንሶላ ውስጥ መክተት ያቅተዋል። ሆቴሉ ደግሞ «ከእረፍት ስትመለሱ ቁርጡን ንገሩን» ብሏል።

መጀመሪያ አስተምረኝ ብላው ነበር እኮ። «ሚስቴን ካስተማርኩ ወይ ፍሬኑ ይበጠሳል ወይ ትዳሩ» ብሎ እምቢ አለ። እሷም ዝም ብላ ሄዳ፣ ተምራ፣ ተፈትና፣ አልፋ መጣች። የት እንደተማረች ሲጠይቃት «መንገድ ላይ» ትለዋለች።

አራተኛዋ ተሳፋሪ የአባዬ እናት ናቸው። ኮማንደር ነው የምንላቸው። በሌሉበት ብቻ ነው እንዳልላችሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ደስ ይላቸዋል።

የጋበዘን የእማዬ ወንድም ነው። አጎቴ እዚህ ሰው አገር መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ሆኖ ይሠራል፤ ቤቱ የባሕሩ ዳር መንገድ ጫፍ ላይ ያለች ከተማ ነው። ከአውሮፕላን ወርደን፣ መኪና ተከራይተን፣ ባሕሩን በግራ ይዘን ስንነዳ ውለን ለእራት መድረስ ነበር ሐሳባችን። አባዬ ፎቶ እስኪያምረው ድረስ።

«ትንሽ እንረፍ፣ ይሻለኛል» አለ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ።

«እስኪሻልህ እዚህ ቤት ልንሠራ ነው?» አሉ ኮማንደር።

እማዬ ጎንበስ ብላ ከኪሱ ቁልፉን አወጣችና ጣቷ ላይ አሽከረከረችው። መኪናውን ስንከራይ ፀሐፊዋ የአባዬን መንጃ ፈቃድ ስትመዘግብ፣ እማዬ የራሷንም «ለማንኛውም» ብላ አቀብላት ነበር። ያኔ ስቆባታል። አሁን አልሳቀም።

«ስሚ...» አለ።

«አንተ ስማ። እስከ ወንድሜ በር ድረስ እኔ ነኝ የምነዳው። መሪ አትነካም፤ የእጅ ፍሬን አትነካም። ካደረስኳችሁ ያቺን መኪና እገዛለሁ፣ ሹፌሯም እኔ ነኝ። መንገድ ላይ አቅቶኝ መሪውን ለሌላ ሰው ከለቀቅኩ ግን ሆቴሉን እተወዋለሁ። ሁለተኛ አላነሳብህም።»

አባዬ እግሩን አየ። መንገዱን አየ። መንገዱ ገደሉ ላይ እንደተጣለ ክር ተጠማዞ ይሄዳል።

«ዳኛዋ እኔ ነኝ» አሉ ኮማንደር፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ግቡ!»

«አንድ ነገር» አለች እማዬ፣ መቀመጫውን ወደፊት እየሳበች። «መንገድ ስትነግረኝ በሰው ቋንቋ። ግራ፣ ቀኝ። የማንኪያህን ነገር እንዳልሰማ።»

የማንኪያው ነገር እንዲህ ነው። አባዬ እንደሚለው ሰው ሲደነግጥ ግራና ቀኙ ይምታታበታል፤ ማንኪያ በየትኛው እጁ እንደሚይዝ ግን አይጠፋውም። ስለዚህ ተማሪዎቹን «በማንኪያ ታጠፍ» ካላቸው በቀኝ ማለት ነው፤ «በሰዓት ታጠፍ» ካላቸው ደግሞ ሰዓት በሚታሰርበት በግራ። እኛ ከተማ ታክሲ ውስጥ «በማንኪያ በኩል አውርደኝ» የሚል ሰው ከሰማችሁ የአባዬ ተማሪ ነው። እማዬ ግን ግራኝ ናት። ማንኪያዋ በግራ፣ ሰዓቷ በቀኝ።

«በሰው ቋንቋ» አለ አባዬ። ቃሉን ሰጠ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። ነፋሱ የኮማንደርን ሻሽ ነጥቆ እኔ ፊት ላይ ይለጥፈዋል፣ እኔ እመልስላቸዋለሁ፣ ነፋሱ ይመልስልኛል። በያንዳንዱ ጥምዝ ባሕሩ ብቅ ይላል፣ ደግሞ ይደበቃል፣ ድብብቆሽ የሚጫወት ይመስል። እማዬ መጀመሪያ መሪውን አንቃ ነበር የያዘችው። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ። ከዚያ ማንጎራጎር ጀመረች። ከዚያ፣ በእግዜር ስም እምላለሁ፣ ጥምዙ ላይ ስትደርስ «ወይኔ ደስ ሲል!» እያለች ለብቻዋ ትስቅ ጀመር።

አባዬስ? አባዬ ፍሬን ይፈልጋል። በሌለው ፍሬን ላይ ያን ያበጠ እግሩን ድም! ያደርግና «ዋይ!» ይላል። ጥምዝ፤ ድም፤ ዋይ። ጥምዝ፤ ድም፤ ዋይ።

«እግርህን አርፈህ አስቀምጥ» አሉት ኮማንደር።

«እኔ ነኝ እንዴ? ራሱ ነው የሚሄደው!»

ከሰዓት በኋላ ላይ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። የቀኙ ሰፊ ነው፤ ሽቅብ ወጥቶ የተራራው ዋሻ ውስጥ ይገባል። የግራው ቀጭን ነው፤ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ይወርዳል። አባዬ ስልኩ ላይ ያለውን ካርታ እያገላበጠ ሳለ ከኋላችን አንድ አውቶቡስ ክላክሱን ለቀቀብን።

«የት ልሂድ?»

«ቆይ፣ ቆይ...»

«የት ልሂድ አልኩህ!»

«በማንኪያ! በማንኪያ ታጠፊ! በማንኪያ!»

እማዬም እንደታዘዘችው በማንኪያዋ ታጠፈች።

«ኧረ በማንኪያ ነው ያልኩሽ!»

«ይኸው በማንኪያ!» ግራ እጇን አወዛወዘችለት።

«እሱ ሰዓትሽ ነው!»

«ሰዓቴ ይኸው!» ቀኟንም አወጣች።

«መሪውን ያዢ! በሁለቱም ያዢ! በሹካም በቢላም ያዢ!»

መመለሻ የለም። መንገዱ ቁልቁል ነው፣ ግራና ቀኙ የቤት ግድግዳ ነው፣ ግድግዳዎቹ ደግሞ እየተቀራረቡ ሊያወሩ የፈለጉ ይመስላሉ። ስፖኪዮዎቹን አጥፈን ገባን። ከላያችን ከመስኮት መስኮት ገመድ ተዘርግቶ የመንደሩ ልብስ በሙሉ ተሰጥቷል። እማዬ በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ቀና ብላ አየች።

«ነጩን ከቀዩ ጋር አጥበውታል» አለች። «እዪው፣ ሮዝ ሆኖላቸው።»

«መንገዱን!» አለ አባዬ። ድም። «ዋይ!»

አንድ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ አንሶላ አንቴናችን ላይ ተጠልፎ ተከተለን። ከሩቅ ላየን ሰው ሙሽራ የያዘች መኪና ነን። ልጆች ከየበሩ ወጥተው አጨበጨቡ። ኮማንደርም በመስኮት እጃቸውን እያወጡ ሰላምታ ሰጡ።

ከዚያ መንገዱ አለቀ። አለቀ ስላችሁ አለቀ። ፊት ለፊታችን ጀልባ የሚጎተትበት የሲሚንቶ ቁልቁለት፣ ከዚያ ውኃ። እማዬ ፍሬኑን ያዘች፤ እውነተኛውን። መኪናዋ አንዴ ተንገጫግጫ ጸጥ አለች። ግራም ቀኝም ጀልባ ተደርድሯል፣ መረብ ተከምሯል። ብርጭቆ የማይዞርበት ቦታ ነው፣ እንኳን መኪና።

ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ጥለው ተሰበሰቡ። የሚሉትን አናውቅም፣ ግን የሚሉት ገብቶናል። አንዱ ጎልማሳ፣ ቦት ጫማው ጭኑ ድረስ የደረሰ፣ ወደ እማዬ መስኮት ቀርቦ መዳፉን ዘረጋ። ቁልፉን ስጪኝ፣ እኔ ላውጣልሽ ነው። ሽቅብ ወደ ኋላ መንዳትን በእጁ አሳየ፣ ጥምዙን አሳየ፣ ግድግዳውን አሳየ፣ መጨረሻ ላይ የተጨፈለቀ መኪናም አሳየ። ጎበዝ ተዋናይ ነው።

«ስጪው» አለ አባዬ።

እማዬ ዞራ አየችው።

«እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ሰውዬው ነው። መንገዱን ያውቀዋል። እንዲህ ዓይነት ቦታ የሃያ ዓመት ሹፌር እንኳን... ስጪው፣ በናትሽ።»

ቁልፉን ከሰጠች ሆቴሉ ቀረ፣ ነጯ መኪና ቀረች፣ እኔና እሷ በየቀኑ የቆሻሻ ልብስ ፌስታል ተሸክመን ታክሲ ስንለምን ልንኖር ነው። ኮማንደርን አየኋቸው። ዳኛ ናቸውና ዝም ብለዋል፤ ከንፈራቸውን ግን እያኘኩት ነው።

«ስሙን ታውቀዋለህ?» አለችው እማዬ ቀስ ብላ።

«የማንን?»

«የሰውዬውን። መንዳት ይችል እንደሆነስ ታውቃለህ? ጀልባ ብቻ ቢሆንስ የሚነዳው? ለዚህ ሰውዬ አስረክቢ ትለኛለህ። አብሬህ የኖርኩት ግን እኔ ነኝ።»

አባዬ ሁለቱንም እጆቹን ከጭኑ ሥር ከቶ ተቀመጠባቸው። እንደዚያ ሲሆን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም።

እማዬ ለሰውዬው ፈገግ ብላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነችውና መስኮቱን ዘጋች። ማርሹን ወደ ኋላ አስገባች። አንገቷን አዙራ፣ በእኔና በኮማንደር ጭንቅላት መሐል አሻግራ እያየች፣ ለራሷ ታንሾካሹክ ጀመር።

«ቂጧን ተከተዪ፣ አፍንጫዋ ራሷ ትመጣለች። ቂጧን ተከተዪ፣ አፍንጫዋ ራሷ ትመጣለች...»

መኪናዋ ሽቅብ፣ በኋላዋ፣ ቀስ እያለች ግድግዳዎቹ መሐል ገባች።

አባዬ በመቀመጫው ላይ ተስፈነጠረ። «ምን አልሽ አንቺ?»

«አሁን አይደለም!»

«ቂጧን ተከተዪ? ይሄ የቄንጠኛው አባባል ነው!»

ቄንጠኛው ማለት ከአባዬ ማሰልጠኛ ፊት ለፊት ሌላ የመንዳት ማሰልጠኛ የከፈተው ሰውዬ ነው። ጫማው ያበራል፣ ጥቁር መነጽሩን ዝናብ ሲዘንብም አያወልቅም። አባዬ «እሱ መንዳት ሳይሆን ዳንስ ነው የሚያስተምረው» ይላል። ስሙ እንኳን ቤታችን አይጠራም።

«ቄንጠኛው ጋ ነው የተማርሽው?! መንገድ ማዶ?! እኔ መስኮት ፊት ለፊት?!»

«መንገድ ላይ ብዬህ የለ። ዝም በል፣ ጥምዝ ነው!»

ጥምዙን እንዴት እንዳለፈችው አላየሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው ግድግዳው ከመስኮቴ በእጅ ጣት ርቀት ላይ ነው፣ አንድ ድመት ደግሞ በመስኮት ደፍ ላይ ሆና ቁልቁል ታየናለች፣ ያዘነችልን ትመስላለች።

እኩሌታ ላይ ስንደርስ ከላይ አንድ ባጃጅ መሳይ፣ አትክልት የጫነች፣ እየወረደች መጣችና ከኋላችን ቆመች። ነጂው ክላክስ አደረገ። እማዬም ክላክስ አደረገች። እሱም ደገመ።

«አቁሚ» አሉ ኮማንደር። በሩ እንደምንም አሹልኮ የሚያስወጣ ያህል ተከፈተላቸው። ከዘራቸውን ይዘው ወርደው ባጃጁ ፊት ቆሙ።

«ወደ ኋላ!» አሉት በኛው ቋንቋ። «ወደ ኋላ በል አንተ! የሰው ልጅ ሥራ ላይ ናት እኮ! ምን ዓይንህን ታጉረጠርጣለህ? ሂድ!»

ልማላችሁ፣ ሰውዬው ሄደ። አንዲት ቃል ሳይገባው፣ ቲማቲሙን እያንጠባጠበ፣ እስከ ላይ ድረስ በኋላው ወጣ። ኮማንደርም ከዘራቸውን ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ፊት ፊት እየመሩን በእግራቸው ወጡ፤ በየመስኮቱ ያለው ሕዝብም ለእሳቸው ነበር የሚያጨበጭበው።

አንሶላው የተጠለፈበት ቤት ጋ ስንደርስ እማዬ የእጅ ፍሬኑን ግጥም አድርጋ ስባ ቆመች። ከላይ አንዲት ሴትዮ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በመስኮት ትጠብቀናለች። እማዬ ወርዳ አንሶላውን ከአንቴናው ፈታች፣ አራገፈችው፣ እኔን አንዱን ጫፍ አስይዛ እንደ ሆቴል አንሶላ ጠርዝ በጠርዝ አጣጥፋ አቀበለቻት። ከዚያ ሮዙን ሸሚዝ በጣቷ አሳይታ፣ ነጩን ለብቻ፣ ቀዩን ለብቻ፣ በእጆቿ እየከፋፈለች አስረዳቻት። ሴትዮዋ ጮኻ ሳቀችና ወደ ቤቱ ውስጥ፣ ባሏ መሰለኝ፣ አንድ ሰው ላይ ጣቷን ቀሰረች። ያጠበው እሱ ነው ማለቷ ነው።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አባዬ ብቻውን መኪናው ውስጥ ነው፤ ቁልቁለት ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ ከጎኑ። ስንመለስ አሁንም እጆቹ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

«ደንዝዘዋል» አለ።

ላይ ወጣን። አውቶቡሱ የጮኸብን መገንጠያ ላይ እማዬ መኪናዋን አዙራ አፍንጫዋን ወደ ሰፊው መንገድ አቀናች። ኮማንደርም እያለከለኩ ገቡ። ከዚያ እማዬ ፈነዳች። ሳቅ ብላችሁ ሳቅ፤ መሪው ላይ ተደፍታ፣ እንባዋ እየወረደ። እኔም ተከተልኩ። ኮማንደር ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፣ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚዘለው፤ ሙሉ መኪናዋ ትንቀጠቀጥ ጀመር።

አባዬ እጆቹን እያፍተለተለ ፊት ለፊት ያያል።

«ጥምዙ ላይ» አለ በመጨረሻ፣ «መሪውን ቀድመሽ ነው የመለስሽው።»

«እና?»

«እና ልክ ነው። እኔ ብሆን እዘገይ ነበር።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ያ ቀበጥ... ደህና አድርጎ ነው ያስተማረሽ። ይሄን ለእሱ ከነገርሽው ግን እፈታሻለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰማሽ?» አሉኝ ኮማንደር።

«ስንመለስ መጀመሪያ የምነግረው እኔ ነኝ» አልኩ።

ዋሻውን አለፍን። ከወዲያ ስንወጣ ባሕሩ ሙሉውን፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ወርቅ ሆኖ ጠበቀን። እማዬ ነዳጅ ጨመር አደረገች። አባዬም እግሩን አነሳ፤ ድም የሚለውን ጠበቅኩ። ጫማውን አወለቀና እግሩን ዳሽቦርዱ ላይ ሰቀለው።

አጎቴ ከበሩ ውጭ ሽርጡን እንደታጠቀ ቆሞ ነበር። መኪናዋን ከሩቅ ሲያይ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ። ሹፌሯን ሲያይ እጆቹ እዚያው ሰማይ ላይ ቀሩ። እማዬ ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ክላክስ አደረገች፣ እጇን አወዛወዘችለት፣ አለፈችው።

«አለፍሽው!» አለ አባዬ።

«አውቃለሁ።»

«ወንድምሽን እኮ ነው!»

«አየሁት፣ ወፍሯል። እስከ በሩ ነበር ያልነው፣ በሩን አለፍኩት። ዳኛዋ ምን ይላሉ?»

«አሸንፋለች» አሉ ኮማንደር። «ሆቴሉም የሷ፣ መኪናውም የሷ። ንጂ!»

ወደ ኋላ ስዞር አጎቴ በነጠላ ጫማው እየሮጠ ይከተለናል፣ ሽርጡ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። አባዬ ወገቡ ድረስ በመስኮት ወጥቶ ነበር።

«ሩጥ!» ብሎ ጮኸለት። «ሩጥ አንተ ሰው! እሷ ጨክናለች፣ አታቆምልህም! ጥግ ላይ ስትዞር ዘለህ ግባ!»